ከሩዝ ዛላ እስከ ማቅረቢያው፦ በጉይዡ ተራሮች ላይ ያለ ትንሽ የገጠር ዕቃ ሙዚየም

(የጉዞው ቀናት በእኛ አቆጣጠር፣ የታሪክ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥቅምት 11፦ ከጓንዡ ወደ ጾንግጂያንግ

ጓንዡን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ። ዕቃ ሊያመጣ የሄደው ሺያኦቤይ ሰፈር ያርፋል፣ ገበያውን ይዞራል፣ ጭነቱን ልኮ ይመለሳል። ከዚያው ሰፈር በማለዳ የተነሳ ሰው ግን ከሰዓት በኋላ ጉይዡ ግዛት ውስጥ፣ ሩዝ ዛላ በዛላ በእጅ ከሚቆረጥባቸው መንደሮች አጠገብ መድረስ ይችላል።

ከሺያኦቤይ በሜትሮ 5ኛ መስመር አንድ ፌርማታ ብቻ ሄዶ በጓንዡ ባቡር ጣቢያ ወደ 2ኛው መስመር መቀየር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «ባቡር ጣቢያ» የሚለውን አይቶ ይወጣል። ፈጣኑ ባቡር የሚነሳው ከዚያ ሳይሆን በ2ኛው መስመር መጨረሻ ላይ ካለው ከጓንዡ ደቡብ ጣቢያ ነው። ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ቁጥር ሲሆን ፓስፖርቱ ራሱ ትኬት ሆኖ ያገለግላል። መታወቂያ የሚያነበው ማሽን የውጭ ፓስፖርት አላነብ ካለ ዳር ላይ ሰው ወዳለበት በር መሄድ ነው። በሩ ባቡሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል፤ ጣቢያው ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ መገኘት ይበጃል።

መስመሩ ጓንዡን ከጉይዡ ዋና ከተማ ከጉይያንግ ያገናኛል። 857 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ የተከፈተውም በታኅሣሥ 2014 ነው። እስከ ጾንግጂያንግ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል፣ የሁለተኛ ማዕረግ ወንበር ደግሞ ከ200 ዩዋን በላይ ነው። ጉይሊን ድረስ መስኮቱ ሾጣጣ የኖራ ድንጋይ ተራሮች ያሳያል። ከዚያ በኋላ ዋሻ በዋሻ ነው፤ ስልክ ይመጣል ይጠፋል።

ጾንግጂያንግ ጣቢያ በስሙ የተጠራበት የወረዳ ከተማ ውስጥ አይደለም። ሉኦሺያንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው፤ ለዣኦሺንግ መንደር ከራሷ ከወረዳዋ ከተማ ይልቅ ይቀርባል። በከተማዋ ስም ሆቴል የያዘ መንገደኛ መጀመሪያ ይርቃል፣ ከዚያ ይመለሳል። ማደሪያውን ዣኦሺንግ ላይ መያዝ ነው ትክክሉ። ከጣቢያው በር ላይ ትንንሽ አውቶቡሶች አሉ፤ ተራራውን የሚያልፉት በዋሻ ስለሆነ ጉዞው አጭር ነው።

ጥቅምት 12፦ ዣኦሺንግ

መንደሩ የዶንግ ብሔረሰብ ነው፤ ራሳቸውን ካም ይላሉ። በሸለቆው ውስጥ አምስት የከበሮ ማማዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ለአንድ የጎሳ ክፍል ነው። የተሰየሙት በኮንፊሽየስ አምስት ምግባሮች፣ በደግነት፣ በፍትሕ፣ በሥርዓት፣ በጥበብና በታማኝነት ነው። ማማዎቹ ያለ ሚስማር የቆሙ ናቸው፤ አንዱ እንጨት በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይያያዛል። አናጺዎቹ በወረቀት የተሠራ ፕላን አልነበራቸውም። የቤቱን ልክ በሙሉ ለሁለት በተሰነጠቀ ረጅም ቀርከሃ ላይ በምልክት ያሰፍራሉ፤ ያች አንዲት ዘንግ ከጠፋች ሥራው ይቆማል። ዋናው ጎዳና ላይ የቱሪስት ሱቅ በዝቷል፤ ማታ መብራቱ ከሚገባው በላይ ነው። ጠዋት ግን መንደሩ ወደ ራሱ ይመለሳል፤ የመዶሻ ድምፅም ከየአቅጣጫው ይሰማል።

ድምፁ የጨርቅ ነው። በዚህ ወቅት ሴቶች ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጥቁር ሰማያዊ ሸማ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግተው በእንጨት መዶሻ ይቀጠቅጣሉ። ሥራው የሚጀምረው ከኢንዲጎ ቅጠል ነው። ቅጠሉ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ሲበሰብስ ይወጣል፣ በቀረው አረንጓዴ ውኃ ላይ ኖራ ተጨምሮ አረፋው ሰማያዊ እስኪሆን ይመታል። ሲያጠልል ከታች የሚቀረው ዝቃጭ ቀለሙ ነው። ዝቃጩ ወደ በርሜል ይገባል፤ የአመድ ውኃና የሩዝ አረቄ ይጨመርበታል። ጨርቁ ተነክሮ ሲወጣ ቢጫ አረንጓዴ ነው፤ አየር ሲያገኘው ዓይን እያየ ሰማያዊ ይሆናል። አንድ ጊዜ መንከር ውኃ ሰማያዊ ብቻ ይሰጣል። ጥቁር ለመድረስ ለብዙ ቀን ደጋግሞ መንከር፣ ማጠብ፣ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የእንቁላል ነጭ ወይም ከበሬ ቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ይቀባል፣ በእንፋሎት ይታጠናል፣ ይቀጠቀጣል፤ በመጨረሻ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል።

በርሜሉ ሕያው ነገር ነው፤ ይታመማል። ደኅና ሲሆን ላዩ ላይ ሐምራዊ መዳብ የሚመስል ንጣፍና አረፋ ይይዛል። ብርድ ከመታው ወይም አመዱ ከተዛነፈ አረፋው ይጠፋል፣ ጨርቁም የቱንም ያህል ቢነከር ቀለም አይይዝም። ያኔ አረቄና አመድ እየጨመሩ ለጥቂት ቀን ማሳረፍ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ዝናብ ከጣለም ጨርቁ አይደርቅም፣ ሁሉም ይጠብቃል።

ቁርስ ላይ የዘይት ሻይ መሞከር ይገባል። የሻይ ቅጠል በዘይት ይጠበሳል፣ ውኃ ተጨምሮ ይፈላል፣ ይጠለላል። በዘይት ፈንድቶ ያበጠ የሚጣብቅ ሩዝ፣ ኦቾሎኒና አኩሪ አተር ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ላይ ይፈስሳል። ጨው አለው። ቡና በጨው የጠጣ ሰው አይደነግጥም፤ ስኳር የጠበቀ ግን ፊቱን ያጨማድዳል። ዋጋው 10 እስከ 15 ዩዋን ነው። ከምሳ ምግቦች መካከል ከከብቱ ጨጓራና ቀጭን አንጀት ከሚወጣ፣ በግማሽ ከተፈጨ ሣር ፈሳሽ የሚሠራ መራራ የበሬ ወጥ አለ። የዶንግ ሰዎች ለሆድ ደግ ነው ይላሉ። ሽታው ከበር ጀምሮ ይቀበላል፤ ከማዘዝ በፊት አንድ ማንኪያ መቅመስ ብልህነት ነው።

ጥቅምት 13፦ ወደ ታንግአን

ከዣኦሺንግ ጀርባ በእርከን እርሻ መሐል ሽቅብ የሚወጣ የድንጋይ መንገድ አለ፤ በዝግታ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በጠዋት ጭጋግ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ጫማው ጥርስ ያለው ይሁን። በመኪናም ይወጣል፤ ግን በእግር የሄደ ነገ በሙዚየሙ የሚያየውን ዛሬ በሥራ ላይ ያገኘዋል።

ታንግአን ራሷ ሙዚየም ተብላ የተሰየመች መንደር ናት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቻይናና ኖርዌይ በጉይዡ ውስጥ አራት የመንደር ሙዚየሞችን አብረው አቋቋሙ። የመጀመሪያው በ1998 የተከፈተው የሱኦጂያ የሚያኦ ብሔረሰብ መንደር ነው፤ በመላ ቻይናም የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ነበር። ከዚያ የቡዪ ብሔረሰብ መንደር ዠንሻን፣ የሃን ብሔረሰብ መንደር ሎንግሊ፣ በመጨረሻም በ2005 ታንግአን ተከተሉ። ኖርዌጂያዊው ጆን ዬስትረምና ቻይናዊው ሱ ዶንግሃይ የሐሳቡ ዋና መሐንዲሶች ናቸው። ሐሳቡ ዕቃን ከቤቱ አውጥቶ መስታወት ውስጥ አለማስገባት ነው። የባህሉ ባለቤት መንደርተኛው ነው፤ የሚሠራው ሕንፃ የመረጃ ማዕከል ብቻ ነው። በጽሑፍ ያማረ ነገር ነው። በተግባር ግን ፕላስቲክ ባልዲ ከእንጨቱ ይቀላል፣ ወጣቱም ጓንዡ ባለችበት በጓንግዶንግ ግዛት ፋብሪካ ገብቷል፤ አሮጌው ዕቃ በሥራ ላይ ካልዋለ መንደር ውስጥም ቢቀመጥ ዞሮ ዞሮ ኤግዚቢሽን ነው።

በዚህ ሰሞን ዓይን የሚስበው የሩዝ ማድረቂያው ነው። ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች፣ በመካከላቸው እንደ መሰላል የተደረደሩ አግዳሚ እንጨቶች፤ በእያንዳንዱ ላይ በነዶ የታሰረ ወርቃማ ዛላ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ዝናብ ቢመጣ ውኃው በዛላው ላይ ይንሸራተታል፣ ነፋሱ ያደርቀዋል። ሲደርቅ ወደ ጎተራ ይገባል። ጎተራዎቹ ከመኖሪያ ቤቶች ተለይተው፣ ብዙ ጊዜ በኩሬ ላይ በእንጨት እግር የቆሙ ናቸው። መንደሩ በሙሉ እንጨት ስለሆነ እሳት ቢነሳ ቤት ይቃጠላል፣ እህል ይተርፋል፤ አይጥም ውኃውን አትሻገርም።

ጥቅምት 14፦ የዕቃ ቤቱ

ትንሹ ሙዚየም ከመንገድ ዳር ያለ፣ አንድ ቤተሰብ የሚጠብቀው ባለ ሁለት ደርብ የእንጨት ቤት ነው። መግቢያው 10 ዩዋን። በሩ ላይ የስልክ ክፍያ ኮድ ተለጥፏል፤ በውጭ ባንክ ካርድ በተከፈተ አሊፔይ ግን አልሠራም። ምክንያቱ የኔትወርክ አይደለም። የውጭ ካርድ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ለተመዘገበ ነጋዴ ኮድ እንጂ ለግለሰብ ኮድ አይደለም፤ በገጠር ደግሞ አብዛኛው ኮድ የግለሰብ ነው። ስለዚህ ከጓንዡ ሳይወጡ በ5፣ በ10 እና በ20 ዩዋን የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል። ባለ 100 ኖት መልስ ያጣል።

ዕቃዎቹ የተደረደሩት በመጠናቸው ነው፤ ትልቁ ግድግዳ ሥር፣ ትንሹ መደርደሪያ ላይ። የተጻፈባቸውም ስማቸው ብቻ ነው። እንደተደረደሩ ካዩአቸው አሮጌ ዕቃ ብቻ ይሆናሉ። የሚሻለው ሩዙን ተከትሎ ክፍሉን መዞር ነው።

የመጀመሪያዋ መቁረጫ መዳፍ ውስጥ ትገባለች፤ ትንሽ እንጨት ላይ የተሰካ አጭር ስለት ናት። በጣቶች መሐል ይይዟታል፣ ጣቱ አገዳውን ወደ ስለቱ ይጎትታል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው አንድ ዛላ ብቻ ነው። ማጭድ እያለ ለምን እንዲህ? የዶንግ የሚጣብቅ ሩዝ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ፍሬውም በቀላሉ አይረግፍም፤ በመውቃት አይለቅም። ስለዚህ ዛላው ከነአገዳው አንገት ተቆርጦ ይታሰራል። የመቁረጫዋን እጀታ ገልብጠው ይዩ፤ አውራ ጣት ያረፈበት ቦታ ጎድጉዷል።

ከአጠገቧ ያለው ትልቅ አራት ማዕዘን ገንዳ ለሌላው፣ ለሚረግፈው ተራ ሩዝ ነው። ከሥሩ ሁለት ተንሸራታች እንጨቶች አሉት፤ በጭቃ ማሳ ውስጥ ይጎተትባቸዋል። በሦስት ጎኑ የቀርከሃ ምንጣፍ ይቆማል፣ ነዶው በውስጥ ግድግዳው ላይ ሲመታ ፍሬው እንዳይበተን።

ከዚያ ሙቀጫው። እኛ ዘነዘና በሁለት እጅ የምናነሳበትን ሥራ እዚህ እግር ይሠራዋል። ከሰው ቁመት የሚረዝም ከባድ ግንድ በአግዳሚ ላይ ተሰቅሏል። ረጅሙ ጫፍ ድንጋይ ወይም ብረት የተጫማ ራስ አለው፤ በወለሉ ውስጥ ከተቀበረው የድንጋይ ሙቀጫ በላይ ይንጠለጠላል። አጭሩን ጫፍ ሲረግጡት ራሱ ይነሳል፣ እግር ሲለቀው ይወድቃል። ረጋጩ ከላይ የታሰረ እንጨት ይይዛል። ሙቀጫው ከሞላ ራሱ ይነጥራል፣ ገለባው አይለቅም፤ ከጎደለ ድንጋይ ድንጋይን ይመታል፣ ሩዙ ይሰባበራል። ዛላው ከመወቀጡ በፊት ምድጃ ላይ መሞቅ አለበት፤ እርጥብ ገለባ አይላቀቅም። ፍሬውን የሚያገላብጠው ሰው በእጁ ሳይሆን በዱላ ነው የሚያገላብጠው፣ ምክንያቱም ረጋጭና አገላባጭ አንድ ጊዜ ምት ከተሳሳቱ ጣት ይሄዳል።

የቤቱ ምርጥ ዕቃ ግን ማንፈሻ ሳጥኑ ነው። አውድማ ላይ በመንሽና በላይዳ የሚያነፍስ ገበሬ ነፋስ ይጠብቃል፤ ይህ ሳጥን ነፋሱን ራሱ ይሠራል። በአንድ ጫፉ ክብ ከበሮ አለ፣ በውስጡ የእንጨት ምላሶች፣ በውጭ ማዞሪያ። ላዩ ላይ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ማፍሰሻ፣ ከሥሩ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ። እህሉ በቀጭኑ ሲወርድ ነፋሱ ይመታዋል። ሙሉው ፍሬ ስለሚከብድ ቀጥ ብሎ በመጀመሪያው መውጫ ይወርዳል፣ ግማሽ ባዶው ትንሽ ተገፍቶ በሁለተኛው፣ ገለባውና አቧራው ደግሞ በሳጥኑ መጨረሻ ይበናል። ጥበቡ በማዞሪያው ፍጥነት ነው። ከፈጠነ ደኅናው ፍሬ ከገለባው ጋር ይወጣል፤ ከዘገየ ገለባው ከፍሬው ጋር ይወርዳል። መዝጊያው በጣም ከተከፈተም እህሉ እንደ መጋረጃ ወፍሮ ነፋሱን ይዘጋል። ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበረው በሃን ሥርወ መንግሥት መቃብሮች ውስጥ የዚህ መሣሪያ ትንንሽ የሸክላ ቅጂዎች ተገኝተዋል፤ አውሮፓ የደረሰው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቤቱን የሚጠብቁት እናት ማዞሪያውን እንዲያዞሩ ለእንግዳ ይፈቅዳሉ። ከበሮው ባዶውን ሲዞር የሚሰማው ጩኸት እንጨቱ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደደረቀ ይናገራል።

የመጨረሻው በእንፋሎት ማብሰያ የእንጨት በርሜል ነው። ሩዙ ሌሊቱን ሲዘፈዘፍ ያድራል፣ ይንጠፈጠፋል፣ በርሜሉ በፈላ ውኃ ድስት ላይ ተቀምጦ በእንፋሎት ብቻ ይበስላል። ውኃ ከነካው ገንፎ ይሆናል። የዶንግ ሰዎች ይህን ሩዝ በእጅ ጠቅልለው ይበላሉ፤ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ያለ ቾፕስቲክ ጭንቀት የሚበላበት ብርቅ ማዕድ ነው።

ማዕዱ ላይ የሚቀርበው ኮምጣጣ ዓሣም ከዚያው ማሳ ነው። ሩዝ ከተተከለ በኋላ የዓሣ ጫጩት ይለቀቃል፣ ዓሦቹ ዳክዬው የማይውጣቸው ሲሆኑ ዳክዬ ይከተላል፤ አረምና ተባይ ይበላሉ፣ ያዳብራሉ። የጾንግጂያንግ የሩዝ፣ የዓሣና የዳክዬ እርሻ በ2011 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከመዘገባቸው የግብርና ቅርሶች አንዱ ነው። ዓሣው በጀርባው ይሰነጠቃል፣ በጨው ይታሻል፣ ሆዱ በሚጣብቅ ሩዝ፣ በበርበሬና በዝንጅብል ይሞላል፣ በእንጨት በርሜል ተነባብሮ ከላይ ድንጋይ ይጫነዋል። ለወራት፣ አንዳንዱ ለዓመታት ይቆያል። የአትክልቱ የሸክላ ማሰሮ ደግሞ አንገቱ ላይ ቦይ አለው። ቦዩ በውኃ ይሞላል፣ ክዳኑ በውኃው ላይ ይደፋል፤ ከውስጥ የሚወጣው ጋዝ እየተንቦጫረቀ ያመልጣል፣ አየር ግን አይገባም። የሚበላሸው ውኃው ሳይታይ ሲደርቅ ነው፤ ያኔ ላዩ ነጭ ሻጋታ ያወጣል።

ደርቡ ላይ ያለው ይቀላል፣ ቶሎም ያልቃል። ከዘንባባ ቅርፊት ጭረት የተሰፋ የዝናብ ካባ፣ የቀርከሃ ባርኔጣ፣ ቀጥ ያለ መስመር ማስመሪያ የአናጺ የቀለም ክር፣ ጥጥ መንደፊያ ትልቅ ደጋን። የእጅ ሚዛኑ ላይ ግን መቆም ይገባል። በዘንጉ ላይ ትንንሽ የመዳብ ነጥቦች ተተክለዋል። ሁለት ማንጠልጠያ ገመድ አለው፤ ለመንጠቆው የሚቀርበው ለከባድ ዕቃ፣ የሚርቀው ለቀላል ነው። በሁለት የጂን (የቻይና የክብደት መለኪያ) ምልክቶች መሐል ያሉትን ክፍሎች ይቁጠሩ፦ 16 ከሆኑ ሚዛኑ የቀድሞው ሥርዓት ነው፣ 10 ከሆኑ ከ1959 ለውጥ ወዲህ የተሠራ። የባህል መድኃኒት ሻጮች ብቻ የቀድሞውን ይዘው ቆይተዋል። ማጭበርበሪያው ድንጋዩ ላይ ነው፤ ተንሸራታቹ ክብደት በሚቀል ከተተካ ዕቃው ከልኩ በላይ የከበደ ይመስላል፣ ገዢ ይጎዳል።

መስታወቱ ሥር የራሽን ኩፖኖች አሉ። የእህል ኩፖን ከ1955 እስከ 1993 ነበር፤ የጨርቁ በ1983 ቀርቷል። ገበሬ እህሉን ራሱ ስለሚያመርት የእህል ኩፖን አይሰጠውም ነበር። ወደ ሌላ አካባቢ መሄድ ካለበት ሩዙን ተሸክሞ ወደ መንግሥት መጋዘን ወስዶ በኩፖን ይለውጣል፤ ያለዚያ ገንዘብ ይዞ ምግብ ቤት ሊራብ ይችላል። የግዛት ኩፖን ከግዛቱ ውጭ ዋጋ ስለሌለው አገር አቀፉ ይፈለግ ነበር። ከአጠገቡ የ1970ዎቹ ሙሽራ የሚመኛቸው አራት ነገሮች ቆመዋል፦ ሰዓት፣ ብስክሌት፣ የስፌት መኪናና ሬዲዮ። አበባ የተሣለበት ፔርሙስና ኤናሜል ጣሳም አለ፤ እነዚህን ማንም ኢትዮጵያዊ ከአያቱ ቤት ያውቃቸዋል።

ጥቅምት 15፦ መመለሻ

በጎዳናው ላይ አሮጌ ሚዛን፣ የቀለም ክርና የዘንባባ ካባ ይሸጣል። ከመግዛት በፊት ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1911 በፊት የተሠራ ቅርስ ከቻይና አይወጣም፤ የብሔረሰቦች ዕቃ ከሆነ ደግሞ ገደቡ 1966 ነው። ሻጩ «መቶ ዓመት ሆኖታል» ሲል ወይ ውሸቱን ነው፣ ወይ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ስለት ያለው ነገር በባቡር ጣቢያ ፍተሻም ጥያቄ ያስነሳል።

የሚሻለው አዲስ የተቀጠቀጠ ጨርቅ ነው። ወርዱን ይለኩ፤ የእጅ ሸማ ከክንድ ብዙም አይበልጥም፣ ሰፊ ከሆነ የፋብሪካ ነው። በነጭ መሀረብ ይጥረጉት፣ ሰማያዊ ይለቅቃል፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ ግን ሻንጣ ውስጥ ከነጭ ልብስ ጋር አይታጠፍም። ውኃም አይወድም፤ ከታጠበ ብርሃኑ ይሄዳል፣ እንደገና እንቁላልና መዶሻ ይፈልጋል። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሳይታጠፍ፣ እንደ ቱቦ ተጠምጥሞ ይያዝ።